አሮጌ መኪና ለሚገዛ ወጣት

ወጣቱ ሠራተኛ ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀመ ጊዜ ፈጣን መኪና ቢመኝ አንነቅፈውም። ነገር ግን መኪና የሚመረጠው ለከተማ አስፋልት ብቻ ሳይሆን ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለሚወስደንም መንገድ ነው።

የእምድብር ልጅ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ እስከ ወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከእናቱ ደጅ የሚያደርሰው ግን ጀፎረ ነው። ጀፎረ በቤቶች መካከል የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው፤ መስቀልም ክረምቱ እንደ ወጣ ስለሚውል መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ሆዱ ዝቅ ያለ የእሽቅድምድም መኪና እዚያ ቢሰምጥ የሚጐዳው የሁሉም የሆነው ሣር ነው።

ቮልስዋገንን እንመልከት። ሞተሩ ከኋላ፥ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለ ተቀመጠ ጭቃን ይችላል፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝም ውሃ አይሻም። ፈጣን አይደለም፤ ማርሽ እየቀያየሩ ዳገት መውጣቱ ግን ደስታ አለው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ ገዢው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው። ስለዚህ ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሡት፤ ሰማያዊ ጢስ ካወጣ ዘይት ይበላል። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን በዳገት ሞክሩ፤ የሻንሲውን ቍጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

እናት የልጅዋን በደኅና መግባት እንጂ የመኪናውን ፍጥነት አትጠይቅም።