ጦማር፦ የቃሉ ትርጉምና የጦማሪው ምክንያት

አንድ ተማሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፉ የአማርኛ ጦማሮችን ለማጥናት ርእስ ባቀረበልኝ ጊዜ፣ «አርታዒ ያላየው ጽሑፍ እንዴት ሥነ ጽሑፍ ይሆናል?» ብዬ መለስኩት። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልሴ ለምን ትክክል እንዳልነበረ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። «ብሎግ» የተባለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመርከብ ጉዞ ከሚመዘገብበት የዕለት መዝገብ ስም የተወሰደ ነው። ጦማር ግን በግእዝ ደብዳቤ፣ የተጻፈ መልእክት ማለት ነው። መዝገብ ለባለቤቱ ብቻ ሊያገለግል ይችላል፤ ደብዳቤ ግን ተቀባይ ይሻል፣ መልስም ይጠብቃል። ስለዚህ የእኛ ቃል የነገሩን ጠባይ ይበልጥ ይገልጸዋል።

ሰው ለምን ይጦምራል? ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በርካታ የግል ጋዜጦች ተዘጉ። የሚጽፉበት መድረክ ከጠበባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ድረ ገጽ ዞሩ፤ በግንቦት 1998 ዓ.ም. ግን በርካታ ጦማሮች ከአገር ውስጥ እንዳይነበቡ ታገዱ። በ2004 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» የተባለው የወጣቶች ስብስብ ተመሠረተ። የቃሊቲ ወኅኒ ቤት 8 ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነው። ምክንያቱ በአንዱ ግሥ ተጠቃሏል፤ የሚጽፉት ስለተፈቀደላቸው ሳይሆን ስለሚያገባቸው ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. 6 ጦማርያን ከ3 ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት 4 ጦማርያን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ በነፃ ተሰናበቱ።

አርታዒ የጠየቅሁት ከአካባቢዬ በወረስኩት ልማድ ሳይሆን አይቀርም። የምኖረው በደቡብ ጎንደር፣ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ በሚመሰከርበት አገር ነው። የቅኔ ተማሪም ያሰበውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ካረመለት በኋላ በጉባኤ ይዘርፋል። ጦማሪው ግን አስቀድሞ የሚያርመው መምህር የለውም። አራሚው አንባቢው ነው፤ እርማቱም የሚመጣው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው። ችኮላና ግድፈት ከዚህ ይመነጫሉ፤ ነገር ግን በስሙ ለጻፈው ብቻውን መልስ የሚሰጥ ሰው ድፍረትም ከዚሁ ይመነጫል። ሥነ ጽሑፍን የምንመዝነው በቋንቋው፣ በአሳቡና በአንባቢው ላይ ባለው ኃይል እንጂ በአሳታሚው ማኅተም አይደለም።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብራና በዕቃ ቤት ዘመናትን ይሻገራል፤ ድረ ገጽ ግን ባለቤቱ ሲተወው ይጠፋል። ብዙ ጦማርያንም ወደ ፌስቡክ ከተሻገሩ ቆይተዋል። ተማሪዬን ይቅርታ ጠይቄ ርእሱን ስቀበል ያሳሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመተንተንህ በፊት እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነቀኑ ገልብጠህ አስቀምጥ። የዚያን ዘመን የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ነገ ለሚያጠና ሰው የሚተርፈው ዛሬ የገለበጥነው ብቻ ሊሆን ይችላልና።