መኪናው የት ይቆማል?

(ድምፅ፦ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ፤ የባጃጅ ሞተር)

ተራኪ፦
ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለ፣ የፉሪ ተራራን ስም የወረሰ ሰፈር ነው። ስሙ ወሰን ተሻግሯል። በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፉሪ አለ፤ ሸገር ከተማም ከ12ቱ ክፍለ ከተሞቹ አንዱን ፉሪ ብሎታል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የመንገደኞች ባቡር የሚነሳውም ከዚሁ አካባቢ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው።

እንደ ፉሪ ቶሎ ቶሎ በሚሞላ ሰፈር ሱፐርማርኬት ሊከፈት ነው ሲባል፣ የዘይትና የስኳሩ ዋጋ ሳይወራ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ መኪናው የት ይቆማል?

የግቢ ባለቤቶች ስጋት እውነት ነው። ኮብልስቶኑ ጠባብ ነው፤ ገበያተኛ በራቸው ላይ አቁሞ ከገባ ራሳቸው መውጫ ያጣሉ። ነጋዴውም የራሱ ሂሳብ አለው። አንድ የቤት መኪና ከመግቢያ መውጫው ጋር 25 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። መሬት በሊዝ ጨረታ በሚተላለፍበት ከተማ ይህ ቦታ ሌላ ሱቅ ይወጣዋል።

(ድምፅ፦ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ፤ የጫኝና አውራጅ ጫጫታ)

ተራኪ፦
ገበያና መኪና ሲጋፉ ምን እንደሚመስል ንፋስ ስልክ ላፍቶ ያውቀዋል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መጨናነቁን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ ግን የጥምቀት ሜዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. በዓሉ ሳይደርስ ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሃይሌ ጋርመንት፣ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ መጣ።

አትክልት ተራን ከሰው ጋር ያጋፋው ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ የቤት መኪና ብቻ አልነበረም። ከክፍለ ሀገር የሚገባው የጭነት መኪና፣ የሚያራግፈው ሰው፣ ጋሪው፣ ለቸርቻሪው የሚጭነው ሚኒባስም ነበር። ሱፐርማርኬትም ቢሆን ዱቄቱና ለስላሳው የሚመጣለት በጭነት መኪና ነው። የሰፈር ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የገዢውን መኪና ነው።

ገዢውስ በምን ይመጣል? የአዲስ አበባ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንደሚለው፣ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ከታክሲ ወርዳ ዳቦና ቲማቲም ገዝታ ወደ ቤቷ የምትሄድ እናት መኪና ማቆሚያ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የእግረኛ መንገድ ነው። ደጃፉ በመኪና ከተዘጋ ወደ አስፋልቱ የምትወርደው እሷ ናት።

በፕላን ላይ ማቆሚያ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከተማው ውስጥ ቤዝመንታቸው ለመኪና ተብሎ ተፈቅዶ፣ በኋላ መጋዘን ወይም ሱቅ የሆነባቸው ሕንፃዎች ጥቂት አይደሉም። ወደ ታቀደለት አገልግሎት እንዲመለስ የከተማ አስተዳደሩ ሲያሳስብ ቆይቷል። የማቆሚያው ቁጥር ወረቀቱን ያሟላል፤ መኪናው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

ተራኪ፦
ጉዳዩ ነገም አብሮን ይኖራል። መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል፤ ትልልቅ መደብሮች ከመሃል ከተማ አልፈው እንደ ፉሪ ወዳሉ ሰፈሮች ቢመጡ አይገርምም።

ስለዚህ በወረዳው ስብሰባ ነዋሪው "ስንት መኪና ይቆማል?" ብሎ ብቻ መቀመጥ የለበትም። የጭነት መኪናው በስንት ሰዓት ይገባል? የሚያራግፈው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ላይ? የእግረኛው መንገድ ስንት ሜትር ይቀራል? ቤዝመንቱ ከዓመት በኋላም ማቆሚያ መሆኑን የሚቆጣጠረው ማን ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ከግንባታ ፈቃዱም ጋር ይያያዝ። ያኔ ሱፐርማርኬቱ ተከፍቶ ክርክር ቢነሳ፣ ነዋሪውም ነጋዴውም የሚጠይቁት በተስማሙበት ነገር ይሆናል።