ውሃ የሚከፍለው ጋራ

ቆቦ ከተማ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ዓይኑ ከጋራ ላይ ያርፋል። ሜዳው ድንገት ያልቅና መሬቱ ሽቅብ ይነሣል። ጠዋት ጀንበር ከዞብል ተራራ ጀርባ ስትወጣ ቀድማ የምታበራው ያንን ግንብ የመሰለ ገጽ ነው። እኛ ግን ጋራውን የምናውቀው ከታች ሆነን ነው። ክረምት ላይ አናቱ ሲጠቁር፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ የሆርማት ወንዝ ይሞላል። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላጋ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። ቀጥሎ ገለባና ጭራሮ ያንሳፈፈ፣ አረፋ የለበሰ ድፍርስ ውሃ ደረቁን አሸዋ እየላሰ ይደርሳል። ገበሬው በዚያ ሰዓት ቤቱ አይገኝም፤ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ሊያስገባ አካፋውን ይዞ ወጥቷል። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአገሬው ማሽላዎች ወዛቸው ከዚያ ውሃ ነው።

ጋራው ሥር ተወልደው አርጅተው አናቱን ያልረገጡ ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለመውጣት ለሚያስቡ ነው። በቅድሚያ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ጉዞ በኪሎ ሜትር አይታቀድም። የሚታቀደው በከፍታና በውሃ ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተምዕራብ ያለው ከፍታ በግዳን አልፎ ላስታ ይገባና አቡነ ዮሴፍ ላይ 4,200 ሜትርን ያልፋል። ልዩነቱ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይያዝና ሽቅብ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ሂሳብ ከቆቦ እስከ አናቱ ያለው ዳገት ብቻውን አራት ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ያውም ጋራው አንድ ጊዜ ብቻ ሽቅብ ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን ገደል ወርዶ መልሶ ይወጣል። ሸክሙና የአየሩ መሳሳትም ስሌቱ ውስጥ የሉም።

አየሩ በእርግጥ ይሳሳል። 4,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ፣ በቆቦና በአናቱ መካከል የ18 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ቆቦ ላይ ሸሚዝ ሲከብድ እዚያ ጋቢ አይበቃም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድርበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ የተራራ ሐኪሞች ምክር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ግዳን ደጋ ላይ ይሁን፤ አናቱ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን በፊት አይታሰብ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ሽቅብ መሄድ ይቁም። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ደግፎ ወደ ታች ማውረድ ነው። ጉብዝና እዚህ ላይ አያድንም፤ ቆላ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ጎረምሳም ይወድቃል።

ሽቅብ በተሄደ ቁጥር አገሩ ይለዋወጣል። ግራሩና ቁልቋሉ ለወይራና ለጥድ ቦታ ይለቃሉ፤ ከዚያ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ አስታ፣ በመጨረሻም ጓሳና ጅብራ። ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ቀይ ቀበሮም አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ እንኳ ስለማይሞሉ፣ አንዱን ከሩቅ ያየ ሰው ባለበት ይቁም፤ ውሻም ይዞ አይውጣ፤ የውሻ በሽታ የዚህን እንስሳ ዘር የሚያጠፋ ነው።

አናቱ ላይ የወረደ ዝናብ ዕጣው ይለያያል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወደ ራያ ሜዳ ወርዶ፣ ከማሳ የተረፈው ወደ አፋር አልፎ በረሃ ላይ ይቀራል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ተከዜ ይሆናል፤ በአትባራ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀልና ሜዲትራኒያን ይገባል። በሁለት እርምጃ ርቀት የወደቁ ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም። እኔን ወደዚህ ጋራ የሚስበኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

የትም የማይሄድ ውሃም አለ። ከቆቦ በአላማጣ አልፎ የግራካሱን ጥምዝምዝ መንገድ ለወጣ፣ ከኮረም ወዲያ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሐሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ዙሪያው ጋራ ነው፤ ውሃው መውጫ ወንዝ የለውም። ተመራማሪዎች ከሥሩ ጭቃ ቀድተው፣ በውስጡ ያሉትን በዓይን የማይታዩ አልጌዎች እያነበቡ ያለፉትን 17,000 ዓመታት የዝናብና የድርቅ ታሪክ አውጥተውበታል። ከማይጨው ጦርነት ማግስት፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሚያፈገፍገው የኢትዮጵያ ሠራዊት በዚህ ሐይቅ አጠገብ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተደብድቧል። እዚያ ሲደርሱ ትንሽ ቆሞ ማሰብ ተገቢ ነው።

ጋራ ስለከበበው በረዶ የቆፈረው ሐይቅ ቢመስልም፣ ሐሸንጌ መሬት ሰምጦ የፈጠረው ጎድጓዳ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ሰንሰለት ላይ በጥንት ዘመን ትናንሽ የበረዶ ግግሮች እንደነበሩ ምልክታቸው ተገኝቷል። በረዶ ጠርቦ የተወውን ሐይቅ ማየት የሚሻ ግን ባሌ ይሂድ። ጋርባ ጉራቻ፣ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው፣ 3,950 ሜትር ላይ በገደል ተከቦ ይተኛል። የበረዶው ግግር በራሱ ክብደት ቁልቁል እየተንሸራተተ ቋጥኙን እንደ ሳህን አጎደጎደው፤ ሲቀልጥ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው።

አሁን ወደ ስንቁ እንምጣ። አናቱ አካባቢ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም። በሶ ይያዙ። በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ማገዶ አይፈልግም፣ ጓሳውንም አስታውንም ከመቆረጥ ያድናል። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ይታሰብ፤ ምንጭ የት እንዳለ የሚያውቀው እረኛው ነውና እርሱን ይጠይቁ። ሸክም ለበቅሎ ይተው። ለመውረድ ዱላ ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሚታመመው ቁልቁል ሲሄዱ ነው።

ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱ ይታጨዳል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አካባቢያችን በነዚህ ዓመታት ብዙ ደም አይቷልና፣ ዕቅዱ ተጽፎ ጊዜውን መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። ሲወጡም የአገሩን ሰው ይዘው ይውጡ፤ መንደር ሲደርሱ ከመምሸቱ በፊት ሽማግሌ ዘንድ ቀርበው ማን እንደሆኑና ወዴት እንደሚሄዱ ይናገሩ።

ክረምት ላይ የሚመለስ ካለ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት የሆርማትን ወንዝ ይሻገር። ከኋላው አናቱ ጠቁሮ ካየ፣ አሸዋው ደረቅ ቢመስለውም፣ ሳይሻገር ባለበት በኩል ካለው መንደር «መሸብኝ» ብሎ ይደር።