መዳቡ የት ያብቃ፣ ፋይበሩ የት ይጀምር?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ውጫሌ ያደርሳል። በእንዲህ ያሉ የወረዳ ከተሞች መሥሪያ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ተራርቀው የቆሙ ቤቶች ናቸው። የመንግሥት ኔትወርክ የሆነው ወረዳ ኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ያገናኘው በሳተላይት ነበር። መስመሩ ግቢ ከገባ በኋላ ግን ቤት ለቤት የሚያዳርሰው ኬብል ነው።

በየቤቱ ኮምፒውተሮቹን የሚሰበስበው ድሮ ሀብ ነበር፤ የመጣለትን ሁሉ ለሁሉም ይበትናል። ዛሬ ቦታውን የያዘው ስዊች ለሚመለከተው ብቻ ይልካል። ከስዊቹ እስከ ጠረጴዛው የሚዘረጋው የመዳብ ኬብል 8 ሽቦ አለው፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 4 ጥንዶች። ከውጭ የሚመጣው ረብሻ የጥንዱን ሁለት ሽቦ እኩል ስለሚነካ፣ ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሲያነብ ረብሻው ይጣፋል።

ሥራው የሚበላሸው ጫፉ ላይ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ጥንዶቹን በተርታ፣ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6 እያደረገ ያስራል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ መሞከሪያው መብራት በትክክል ይበራል። ኔትወርኩ ግን ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም በደንቡ መሠረት 3ኛው ሽቦ ጥንድ የሚሆነው ከ6ኛው ጋር ነው። ይህ ጥንድ ሰማያዊውን በመሐል አቅፎ መግባት አለበት። ጥምዝማዙም ከማገናኛው አጠገብ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለበትም።

የመዳቡ ገደብ 100 ሜትር ነው። ከቤት ወደ ቤት ግን 40 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ እኔ መዳብ አልዘረጋም። የወሎ ደጋ ክረምት ነጎድጓዳማ ነው። መብረቅ አንዱ ቤት አጠገብ ሲወድቅ የዚያ ቤት የመሬት ቮልቴጅ ከሌላኛው በእጅጉ ይበልጣል፤ ልዩነቱ በመዳቡ ላይ ይሮጥና የሁለቱንም ቤት ስዊች ያቃጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለረጅም ርቀት የሚውለው ዓይነት ብርሃኑ የሚጓዝበት እምብርት 9 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትሸፍነዋለች። ስለዚህ ጫፉ ከመሰካቱ በፊት ሁልጊዜ ይጠረጋል። በዓይን ወደ ውስጥ መመልከትም ክልክል ነው፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል። አንዱ ክር ለመላክ፣ ሌላው ለመቀበል ነውና መብራቱ አልበራ ካለ በመጀመሪያ ሁለቱን ክሮች አቀያይሮ ማየት ነው።

ፋይበሩ ሲገዛ ግን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ብረት አለው ወይ? አይጥ እንዳይበላው ተብሎ በብረት የተሸፈነው ፋይበር መብረቁን እንደ መዳብ ይዞ ይመጣል፤ ወይ ብረት የሌለበት ይመረጥ፣ ወይ ብረቱ ቤት ሲገባ ከመሬት ጋር ይታሰር።