በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር የባሕር ውኃና ስለ ናይትሬት
(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)



የባሕር ዓሦችን በቤታቸው በመስተዋት ሣጥን አኑረው ማየት የሚወዱ ሰዎች የሚያሰሙት አቤቱታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ውኃው የጠራ ነው፤ ፓምፑ ይሠራል፤ ሙቀቱም ልክ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋዩን ቡናማና አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል፤ ኮራሉ ይኰማተራል፤ ዓሣውም እንደ ቀድሞው ምግብ አይሻም። ባለቤቱ በመመርመሪያ መድኃኒት ውኃውን በለካው ጊዜ ናይትሬቱ በአንድ ሊትር 80 ወይም 100 ሚሊግራም ደርሶ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ይደነግጥና ወደ ሱቅ ሮጦ ናይትሬት ያጠፋል የተባለለትን ጠርሙስ ሁሉ ሸምቶ ይመለሳል። እኛ ዛሬ ለማስረዳት የምንፈልገው የነገሩ ቁልፍ ምግብ በሚሰጠው እጅ ውስጥ መሆኑን ነው።

ናይትሬት ምንድር ነው? ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ተዋሕደው የሚሠሩት ነው። በገበሬው ማዳበሪያ ውስጥ ይገኛል፤ በቀድሞ ዘመን ባሩድ ይቀመምበት የነበረውም ጨው ከዚሁ ወገን ነው። ዓሣ የበላውን ምግብ በሰውነቱ ካዋለ በኋላ የተረፈውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ያወጣዋል። አሞኒያ ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው። ነገር ግን በአሸዋው፥ በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ሥራ በሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች ተራ በተራ የሚፈጸም መሆኑን ያስረዳው ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1890 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ናይትሬት ከአሞኒያ ጋር ሲነጻጸር የዋህ ነው፤ ዓሣውን በአንድ ቀን አይገድለውም። ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ግን ባለቤቱ ሳያስተውለው ይከርማል።

በባሕር ውስጥ እንዲህ አይጠራቀምም። የኮራል ድንጋዮች በሚገኙበት በላይኛው የቀይ ባሕር ውኃ ናይትሬት በአንድ ሊትር ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነው። አልጌዎች ይመገቡታል፤ ኦክሲጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ከናይትሬቱ ኦክሲጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይሰዱታል። በቤት ሣጥን ውስጥ ግን ፓምፑ ሌት ተቀን አየር ስለሚያቀላቅል፥ የፊተኞቹ ሁለት ሥራዎች በፍጥነት ይከናወናሉ፤ የመጨረሻው ሥራ የሚሠራበት አየር የሌለው ስፍራ ግን ጥቂት ነው። ውኃው በተነነ ጊዜም የሚሄደው ውኃው ብቻ ስለሆነ ጨውም ናይትሬትም በሣጥኑ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር በሒሳብ ላይ ነውና። ድንጋዩና አሸዋው ተቀንሶ 200 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሣጥን እናስብ። ከመቶ 45 እጁ ፕሮቲን የሆነ አንድ ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ በውስጡ 72 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን አለው። ይህ ሁሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 320 ሚሊግራም ያህል ይሆናል፤ ለ200 ሊትር ሲካፈልም በአንድ ሊትር 1.6 ሚሊግራም ይደርሳል። በየቀኑ አንድ ግራም ቢሰጥ በሳምንት 11 ሚሊግራም መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፥ ጥቂቱ በዓሣው ሥጋና በአልጌው ውስጥ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ ለማመዛዘን ይህ ቁጥር ይበቃናል።

ባለቤቱ በየሳምንቱ ከውኃው አሥር በመቶ ማለት 20 ሊትር አውጥቶ በአዲስ ቢተካ ትጉህ ሰው ነው እንላለን። ነገር ግን አሥር በመቶ ውኃ የሚያወጣው የናይትሬቱን አሥር በመቶ ብቻ ነው። በሳምንት የሚጨመረው 11 ከሆነ፥ የሚወጣው ከሚገባው ጋር የሚተካከለው የሣጥኑ ናይትሬት 110 በደረሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ያ ትጉህ ሰው ለዓመታት ቢደክም እንኳ ከመቶ በታች አይወርድለትም። የሚለውጠውን ወደ ሩብ ማለት ወደ 50 ሊትር ቢያደርሰው ቁጥሩ 44 ላይ ይቆማል። በዚያው ላይ ምግቡን በግማሽ ቢቀንስ ወደ 22 ይወርዳል። የምግቡ ቅነሳ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መሆኑን ልብ በሉ።

በእኛ አገር ልማድ እንግዳ ጥቂት ቀምሶ ሲነሣ ደስ አይለንም፤ ጉርሻውም አንዴ ብቻ አይበቃም። ይህ መልካም ጠባይ ግን ለዓሣ አይስማማውም። ዓሣ የመጋቢውን ጥላ ባየ ቁጥር እንደ ተራበ ሆኖ ወደ መስተዋቱ ይመጣል፤ ልጁም ይሰጠዋል፥ እንግዳውም ይሰጠዋል፥ ማታ አባወራው ገብቶ ዳግመኛ ይሰጠዋል። ስለዚህ መጋቢው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚሰጠውም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ይሁን። በበረዶ የደረቀ ምግብ ከሆነ ቀልጦ ጭማቂው ከተጣለ በኋላ ይሰጥ። የማጣሪያው ስፖንጅ ቆሻሻውን ቢይዝም ከውኃው አላወጣውምና በየሳምንቱ ይታጠብ፤ መታጠቡም ከሣጥኑ በወጣው የጨው ውኃ እንጂ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋልና።

አዲስ ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ ራሱ ናይትሬት ያለበት እንደሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በተለይም መጸዳጃ ቤቶች በበዙበት ሰፈር የተቆፈረ ጉድጓድ ያጠራጥራል። ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ሲተን ናይትሬቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ስለዚህ አስቀድሞ ያን ውኃ መለካት ነው። ስለ መለካት ካነሣን፥ አንዳንዱ መመርመሪያ ናይትሬቱን በሙሉ ሲቈጥር ሌላው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ይቈጥራል፤ የኋለኛው ቁጥር በ4.4 መባዛት አለበት። አሥር ያነበበ ሰው እውነተኛው 44 ሊሆንበት ይችላል፤ ስለዚህ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ማንበብ ይገባል።

ከተፈጥሮም ረዳት ማግኘት ይቻላል። የኢንዶኔዥያው ተወላጅ ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሕይወት ያለበትን የባሕር ድንጋይ በመጠቀም የባሕር ዓሦችን ማኖር እንደሚቻል በጽሑፍ አስታወቀ። የዚህ ድንጋይ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ በመሆኑ፥ አየር በማይደርስበት ጥልቁ ውስጥ ናይትሬት የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በጎን ባለ ሌላ ሣጥን ውስጥ በመብራት ኃይል የባሕር ሣር አብቅሎ በየጊዜው እያጨዱ መጣልም ደኅና ዘዴ ነው፤ የታጨደው ሣር ናይትሮጅኑን ይዞ ይወጣልና። ስኳር ወይም ቮድካ በጠብታ እየጨመሩ ባክቴሪያዎችን የሚያበዙም አሉ። ይህ እርግጥ ይሠራል፤ ሆኖም መጠኑ ካለፈ ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጅኑን ጨርሰው ዓሣውን በአንድ ሌሊት ሊያፍኑት ስለሚችሉ፥ ለጀማሪ አንመክረውም።

ወዴት ለመድረስ ይታሰብ ለሚል፥ ዓሣ ብቻ ባለበት ሣጥን ከ40 በታች፥ ኮራል ባለበት ከ10 በታች ቢሆን መልካም ነው። ጨርሶ ዜሮ ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ጥቂት ናይትሮጅን ይሻሉና። ከ80 ወደ 10 በአንድ ቀን ማውረድም አደገኛ ነው። በአሮጌው ውኃ የከረመ ዓሣ ጨዉ፥ ሙቀቱና አሲድነቱ በድንገት ቢለወጥበት ከናይትሬቱ ይልቅ መድኃኒቱ ይገድለዋል። ሃያ በመቶ እየተለወጠ ቢሄድ ከ80 ወደ 10 ገደማ ለመድረስ ዘጠኝ ጊዜ ይጠይቃል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢደረግ አንድ ወር ያልፋል፤ ምግቡ ካልቀነሰም ከዚያ ይረዝማል። ለጌጥ ከሚያዙት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ ዓይነቶች ዛሬም ከባሕር የሚጠመዱ እንጂ በእርባታ የሚገኙ አይደሉም። በሣጥናችን የሞተውን አንዱን ለመተካት ሌላ ከኮራሉ ይነሣል፤ ስለዚህ ያ አንድ ወር ትዕግሥት ብዙ አይደለም።

ከሣጥኑ የወጣውን ውኃ አትክልት ላይ ለማፍሰስ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነውና። የወንዝ ዓሣ የሚኖርበት ውኃ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የባሕሩ ውኃ ግን በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ጽጌረዳውን ያደርቀዋል። ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ቢደፋ ይሻላል።