አንድ አሮጌ ቴሌቪዥንና ሦስት መሣሪያዎች

ለዕረፍት ወደ ሽንፋ ወይም ወደ መተማ የሚመለስ ተማሪ አንድ ሥራ ይጠብቀዋል። «ልጄ፣ ተምረህ የለ? እስቲ ይህን ቴሌቪዥን ተመልከተው» ይባላል። ባለ ትልቅ ጀርባው ቴሌቪዥን ደኅና ነው፤ ችግሩ የመሣሪያው መብዛት ነው። ቀድሞ ዴክ ብቻ ነበረ፤ ኋላ የዲሽ ሪሲቨር መጣ፤ ቀጥሎም ፍላሽ የሚያነብ ማጫወቻ ተጨመረ። የቴሌቪዥኑ መግቢያ ግን አንድ ነው። «አዲስ ግዙ» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በቆላው ፀሐይ ሰሊጥ የታረመበትና የታጨደበት ድካም ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው።

ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የተሠራው ከአንቴና የሚመጣውን ለመቀበል እንጂ ብዙ እንግዳ ለማስተናገድ አልነበረም። ኋላ የመጡት ከአንቴናው ሌላ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች አሏቸው። ብጫው ለምስል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። ከመሣሪያው «አውት» ተነሥቶ በቴሌቪዥኑ «ኢን» መግባት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምስል የሚጠፋው ይህ ሲገለበጥ ነው።

አንዳንዶች የሁለት መሣሪያ ገመድ ልጠው አንድ ላይ ይቋጥሩታል። ይህ አይሆንም። ምክንያቱም እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያወጣው የምስል ኃይል 1 ቮልት ያህል ሲሆን፣ 75 ኦም ለሆነ አንድ ተቀባይ ተመጥኖ የተሠራ ነው። ሁለቱ ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይበላል፤ አንደኛው ቢጠፋ እንኳ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያም ሱዳንም በያዙት የፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል፣ በየምስሉም 625 መስመር ይላካል። እያንዳንዱ መሣሪያ መስመሩን የሚጀምረው በራሱ ሰዓት ነው። ሁለት ከበሮ መቺዎች ሳይስማሙ ቢመቱ ጨፋሪው እንደሚደናገር፣ ቴሌቪዥኑም ማንን እንደሚከተል ያጣል፤ ምስሉም ይንሸራተታል።

መፍትሔው መምረጫ ሣጥን ነው። ሦስት ወይም አራት መግቢያና አንድ መውጫ ያለው ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ቁልፉ ሲጫን የተፈለገውን መሣሪያ ብቻ ያገናኛል። ተራው ዓይነት መብራት እንኳ አይፈልግም።

ቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ካለው ሞዱሌተር ያስፈልጋል። ይህ ምስሉንና ድምፁን እንደ አንድ ትንሽ ጣቢያ አድርጎ በአንቴናው ገመድ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም በዚያው ቻናል ላይ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ በዩ ኤች ኤፍ 36 አካባቢ ነው። አሮጌ የካሴት ዴክ ያለው ቤት ግን ሞዱሌተር አይግዛ፤ በዴኩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለና። መምረጫ ሣጥኑን በዴኩ «ኢን»፣ ዴኩን በአንቴና ገመድ ከቴሌቪዥኑ ማገናኘት ይበቃል። ኤች ዲ ኤም አይ ብቻ ያለው አዲስ መሣሪያ ደግሞ ወደ ሦስቱ ቀለማት የሚለውጥ ኮንቨርተር ይፈልጋል፤ እርሱም የራሱን 5 ቮልት ካላገኘ በአብዛኛው አይሠራም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንሸራተተ፣ የመሣሪያው ምርጫ ፓል መሆኑ ይታይ።

በመጨረሻም ሦስት ነገር አይዘንጋ። አንደኛ፣ ገመድ የሚነካካው ሁሉም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የቴሌቪዥኑ ጀርባ አይከፈት፤ የባለ ቀለሙ ቱቦ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ሊያቆየው ይችላል። ሦስተኛ፣ በቆላ ሙቀት መሣሪያዎቹን በላዩ አትደርድሩ፤ የእናቶቻችን ዳንቴልም ያማረ ቢሆን የአየር ቀዳዳውን አይሸፍን። ሰማይ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊትም የአንቴናውና የዲሹ ገመድ ይነቀል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ቤተሰቡን ከትልቅ ወጪ ያድናል፤ «ተምረህ የለ?» ለሚለውም ጥያቄ በሥራ ይመልሳል።