«ገበያው ወዴት ነው?»



እኛ የሰቆጣ ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ ባይሆንም የኢፍጣር ማዕዳችን ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የረመዷን ምሽት የባሕር ማዶ እንግዶች አብረውን ተቀመጡ። ተምሩን፣ ሾርባውን፣ ኋላም የዋግን ማር ቀመሱ። ሲሰናበቱ የመድረሳችን ልጆችና የእነሱ ከተማ ተማሪዎች ደብዳቤ እንዲጻጻፉ ተስማማን። ልጆቻችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፉ፤ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በኽምጣና፣ ጎበዞቹ ደግሞ ስማቸውን በዐረብኛ አስውበው።

ከወራት በኋላ አንድ ካርቶን መጣ። ልብስ ነበረበት፤ ደብዳቤ አልነበረበትም። ልብሱ ለተቸገሩ ልጆች ደርሷል፤ አልሐምዱ ሊላህ ብለናል። ነገር ግን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካርቶኑን እስከ ታች በርብራ «የእኔስ መልስ?» አለችን። የምንላት አጣን።

ከተማን ከከተማ የሚያወዳጀው አሠራር ለአገራችን አዲስ አይደለም። አክሱም ከአሜሪካዋ ዴንቨር ጋር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እህትማማች ናት፤ ዴንቨር ውስጥ በስሟ የተሰየመ መናፈሻም አለ። አዲስ አበባ ከጀርመኗ ላይፕዚግ፣ ባሕር ዳር ከአሜሪካዋ ክሊቭላንድ፣ ጎንደር ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ተወዳጅተዋል። እኛን ይበልጥ የምትገርመን ግን ሐረር ናት። ወዳጇ የፈረንሳይዋ ሻርልቪል-ሜዚየር ስትሆን ያገናኛቸውም አንድ ሰው ነው። በሻርልቪል እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ኖሯል። በመስጊዶቿ ብዛት የምትታወቀው ጀጎል ይህን ወዳጅ ያፈራችው ተርባ ስለታየች አይደለም። ገበያ ስለነበራት ነው።

ሰቆጣም ገበያ ነበራት። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በዋግ በኩል ወደ መሐል አገር ያልፍ ነበር፤ ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚያ መንገድ ተመላልሰዋል። ዛሬ ስሟ በሩቅ አገር የሚነሳው በሌላ ነው። የ1977ቱ ረሃብ አለ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ስያሜው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ሆነ። ቃል ኪዳኑ መልካም ነው፤ እንዲፈጸምም ዱዓ እናደርጋለን። ልጆቻችን ግን የከተማቸውን ስም ከሬዲዮ በሰሙ ቁጥር መቀንጨር የሚለውን ቃል አብረው ይሰማሉ።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና እንደገቡ ከመካ የተሰደዱትን ከመዲና ነዋሪዎች ጋር ሁለት ሁለት እያደረጉ ወንድም አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የደረሳቸው ወንድም ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ሰዕድ የሀብታቸውን እኩሌታ ሊያካፍሉ አቀረቡ፤ ከልባቸውም ነበር። ዐብዱራሕማን ባረኩላቸውና ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በማግስቱ አይብና ቅቤ ይዘው ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትዳር ያዙ። ይህን ታሪክ ስናስተምር የሰዕድን ቸርነት አግንነን የዐብዱራሕማንን ጥያቄ ቶሎ እናልፈዋለን፤ እኛም በየሚንበሩ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀድሞ ደግሞ እንግዳ ተቀባይዋ የእኛው ሐበሻ ነበረች። ሶሐቦቹ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ተሰደው ሲመጡ ጥገኝነት አገኙ፤ ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ጋር ለዓመታት እዚህ ኖረው ወደ መዲና ሄዱ። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ.) የሴት ጀናዛ በስስ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ እየታየ መውጣቱ ይከብዳቸው እንደነበር ተዘግቧል። አስማእም በሐበሻ ያዩትን አስታውሰው እርጥብ ዘንግ በቃሬዛው ላይ ደጋን አድርገው፣ ጨርቅ አልብሰው አሳዩአቸው። ፋጢማ ደስ አላቸው፤ ለራሳቸውም እንዲሁ እንዲደረግላቸው ተናዘዙ። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከዚህ ምድር የታየ ነገር ለነቢዩ ልጅ መሸፈኛ መሆኑ ቀላል አይደለም።

ዘንድሮ ውጭ ያሉ የዋግ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ሊያገናኙን ሲጠይቁ ወላጆች ሁለት ሆኑ። አንዱ ወገን «ደግሞ ካርቶን ልንጠብቅ ነው?» አለ፤ ሌላው ቢያንስ ደብተርና ጫማ እንጠይቅ አለ። ችግራችንን እናውቃለን፤ ጫማ የሌለው ልጅ ከፊታችን ነው የሚቀራው። ቢሆንም ጫማውን እዚሁ ከዘካና ከሰደቃ እንፈልግለት፣ ደብዳቤው ግን ልመና አይግባበት ብለን ተማከርን። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይንገር፣ የማያውቀውን አንድ ነገር ይጠይቅ ተባለ።

ያቺ ካርቶን የበረበረችው ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በመጀመሪያ አልጽፍም ብላ ነበር፤ አልተጫንናትም። በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ገጽ ይዛ መጣች። አያቷ ቀፎ እንዴት እንደሚሠሩና እንደሚያጥኑ በአማርኛና በኽምጣና ጽፋለች። መጨረሻው ላይ በእናንተ አገር በረዶ ሲጥል ንቦቹ የት ይገባሉ ብላ ጠይቃለች። እኛ ያረምነው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ደብዳቤዎቹ ከዒድ በፊት ፖስታ ቤት ይገባሉ፤ ኢንሻአላህ።